ጓሮውን ውርጭ ሳይቀድመን

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ የመጀመሪያው ውርጭ ብዙ ጊዜ የሚወርደው በኦክቶበር አጋማሽና በኖቬምበር መጀመሪያ መካከል ነው። በሶብላ ውርጭ ከመታው ጠቁሮ ያድራል። የደረቁትን የአበባ ዘለላዎች ቀድማችሁ ቁረጡ፣ በመዳፋችሁ አሽታችሁ ዘሩን በወረቀት ፖስታ አስቀምጡ፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚያፍን ያሻግተዋል። ጎመኑን ግን አትንቀሉት! ብርድ ሲነካው ስኳር ስለሚያጠራቅም ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ከታች ከታች እየቀነጠሳችሁ ብሉ። የቲማቲሙን ግንድ ንቀሉ፤ ቅጠሉ ነጠብጣብ ካለው ኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ ክምር) ውስጥ አትጨምሩት፣ በሽታው እዚያው ይከርማል።

የዚህ ወቅት ዋናው ሥራ ነጭ ሽንኩርት ነው። ለዘር የሚሸጠውን ግዙ፤ የሱፐርማርኬቱ አንዳንዴ እንዳይበቅል ተደርጎ ስለሚመጣ አያስተማምንም። ትልልቆቹን ፍልቃቂዎች ልጣጫቸውን ሳታነሱ ሹሉን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ 5 ሳንቲሜትር ያህል ቅበሩ፤ በመካከላቸው 15 ሳንቲሜትር ተዉ። ከዚያ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ገለባ ወይም የተከተፈ የዛፍ ቅጠል አልብሱት። ካልለበሰ አፈሩ በብርድ እየረጋና እየቀለጠ ፍልቃቂውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃ የሚቋጥር ቦታ ላይ ይበሰብሳል፤ መደቡን ከፍ አድርጉት። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሲሆን፣ በጁን መጨረሻ ወይም በጁላይ፣ ይነቀላል።

ለጸደይ የት ምን እንደነበረ ዛሬውኑ በወረቀት ሣሉ፤ ቃሪያና ቲማቲም ቢያንስ 3 ዓመት ወደ ቀድሞ ቦታቸው ባይመለሱ ይመረጣል። የቃሪያውን ዘር በማርች አጋማሽ ቤት ውስጥ ዝሩ፤ ሌሊቱ ሲሞቅ፣ በሜይ አጋማሽ፣ ወደ ጓሮ ይውጣ።