ዳኛው የሚያነበውን መስመር ቀድማችሁ አግኙ፦ ለጅማ ባለጉዳዮች

ጅማ ላይ በጥብቅና ስሠራ ባለጉዳዮች አብዝተው የሚጠይቁኝ «እረታለሁ ወይ?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ጭብጡ ምንድን ነው?» ብዬ ነው። ጭብጥ ማለት ዳኛው የሁለታችሁን ክርክር ሰምቶ «እዚህ ላይ ነው የተለያያችሁት» ብሎ የሚይዘው ጥያቄ ነው። ብሶታችሁ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን ዳኛው የሚወስነው ጭብጡን ከአንድ አንቀጽ ወይም ከአንድ የውል መስመር ጋር አገናዝቦ ነው። ያንን መስመር ቀድሞ ያገኘ ሰው ጠበቃ ባይኖረውም ችሎት ፊት አይደናገርም።

መስመሩን ለማግኘት ጉዳያችሁ የየትኛው ሕግ እንደሆነ ለዩ። ውል፣ ቤት፣ ውርስ፣ ብድር ከሆነ ፍትሐ ብሔር ነው። ዐቃቤ ሕግ ከሳሽ ከሆነ ወንጀል ነው። «ሕጉ ራሱ መብቴን ይጥሳል» የምትሉ ከሆነ ሕገ መንግሥት ነው። ዳኛ ሦስቱን በአንድ መንገድ አያነባቸውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከውል ልጀምር፤ ወደ ቢሮዬ ከሚመጣው ጉዳይ ብዙው እሱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውል እንዴት እንደሚተረጎም ከቁጥር 1732 እስከ 1739 ጽፎታል። አጫጭር ናቸው። አንድ ሲኒ ቡና እስክትጨርሱ አንብባችሁ ትጨርሷቸዋላችሁ።

መርካቶ ውስጥ ሱቅ ተከራይታችኋል እንበል። ውሉ ተራ ቁጥር 6 ላይ «ተከራይ ሲለቅ ሱቁን ከነሙሉ ዕቃው ያስረክባል» ይላል። እናንተ በራሳችሁ ገንዘብ የብረት መደርደሪያ አስበይዳችሁ አስገብታችኋል። ስትለቁ አከራዩ «መደርደሪያውም ሙሉ ዕቃ ውስጥ ነው፣ እንዳትነኩት» አሉ። አሁን ዳኛው ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ ቃሉ ግልጽ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ቁጥር 1733 የሚለው ይህንን ነው፦ ቃሉ ግልጽ ከሆነ ዳኛ ከቃሉ ወጥቶ «እነሱ ያሰቡት ሌላ ነው» ሊል አይችልም። ውሉ «ተከራይ ያስገባውንም ጨምሮ» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። መራራ ቢሆንም ፈርማችኋል፤ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው። «ሙሉ ዕቃ» ግን ሁለት ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ ትርጉም ይፈቀዳል።

ቀጥሎ ዳኛው ሁለታችሁ ስትዋዋሉ በጋራ ያሰባችሁት ምን እንደነበር ይፈልጋል። ከውሉ በፊትና በኋላ ያደረጋችሁትን ያያል። የበያጁ ደረሰኝ እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው። አከራዩ «በራስህ ወጪ አሠራው» ብለው የላኩት የስልክ መልእክት ካለማ ወርቅ ነው፤ እንዳታጠፉት።

ከዚያ የውሉን መስመሮች እርስ በርስ ያናብባቸዋል። ተራ ቁጥር 9 «ተከራይ የተረከባቸው ዕቃዎች ሁለት በር፣ ሦስት አምፖልና አንድ ቆጣሪ ናቸው» የሚል ከሆነ፣ በቁጥር 6 የተባለው «ሙሉ ዕቃ» ያንኑ ዝርዝር ማለት እንደሆነ መከራከር ትችላላችሁ። አለዚያማ ዝርዝሩ ለምን ተጻፈ? ሕጉም አንድ ቃል ውሉን ዋጋ ቢስ ከሚያደርገው ትርጉም ይልቅ ሥራ የሚሰጠው ትርጉም ይመረጣል ይላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥርጣሬው ካልጠራ ቁጥር 1738 ይመጣል። የሚያጠራጥር ቃል ለባለዕዳው፣ ማለትም ግዴታ ለገባው ወገን ይተረጎማል። እዚህ የማስረከብ ግዴታ የገባው ተከራይ ነው። አከራዩ ለተከራዮቻቸው ሁሉ የሚያስፈርሙት አንድ የታተመ ፎርም ከሆነ ደግሞ አሻሚው ቃል ፎርሙን ላላዘጋጀው ወገን ያደላል። እኔ ይህንን ቁጥር እወደዋለሁ። አንብቦ ከመፈረም ሌላ ምርጫ ለሌለው ሰው የተተወ ትልቅ ከለላ ነው። ግን የመጨረሻ ማምለጫ ነው። አንዳንዱ ባለጉዳይ ማመልከቻውን ከሱ ይጀምርና ደረሰኙን መጨረሻ ላይ ያነሳዋል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ።

የሕጉን ቁጥር ካገኛችሁ በኋላ ሰበር ሰሚው ችሎት፣ ማለትም በመጨረሻ ውሳኔዎች ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው ችሎት፣ ምን እንዳለበት እዩ። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም ጅማ ያለውን የወረዳ ፍርድ ቤት ጭምር ያስገድዳል። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመው ወጥተዋል። ስታነቡ ቀኑን ተመልከቱ። የቤት ሽያጭ ውልን ውሰዱ፦ ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 21448 ቁጥር 1723ን ሲተረጉም ያልተመዘገበ ውል አይጸናም አለ። ቆይቶ ደግሞ ተዋዋዮቹ ውሉን ካልካዱ የተለየ ትርጉም ሰጠ። የድሮውን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ተቃራኒ ወገን አዲሱን ሲያወጣበት ይደነግጣል። ችሎቱ የቀድሞ ትርጉሙን ለመለወጥ ሰባት ዳኞች ይሰየማሉ፤ ስለዚህ የሰባት ዳኞች ውሳኔ ካጋጠማችሁ በጥንቃቄ አንብቡት።

ወንጀል ላይ ነገሩ ይጠብቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 2 ዳኛ በማመሳሰል ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል። «ብሬን በልቶብኛል፣ ይታሰርልኝ» የሚል ሰው በየጊዜው ይመጣል። ያበደረው በውል ከሆነና ተበዳሪው ካልከፈለ፣ ያ የፍትሐ ብሔር ዕዳ ነው። ለዚያው ዕዳ ደረቅ ቼክ ጽፎ ቢሰጠው ግን አንቀጽ 693 አለ። ዳኛው «ሁለቱም ገንዘብ አለመክፈል ነው፣ ይመሳሰላሉ» ብሎ የውል ተበዳሪን በቼክ አንቀጽ ሊቀጣ አይችልም። መተርጎም ግን አልተከለከለም። የአንቀጹ ቃል ሲያጠራጥር ዳኛው ሕግ አውጪው የፈለገውን ዓላማ ያያል፤ ለዚህም የሕጉን መግቢያና ሐተታ ዘምክንያት፣ ማለትም ሕጉ ለምን እንደወጣ የሚያብራራውን ጽሑፍ፣ ይመለከታል።

ክሱ ሲደርሳችሁ አንቀጹን ቁረጡት፤ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ ጻፉ። አንድ የባጃጅ ባለቤት ባጃጁን ለሹፌር ሰጠ፤ ሹፌሩ በየማታው ገቢ ያስገባል። አንድ ቀን ባጃጁን ይዞ ሄዶ ሸጠው። ባለቤቱ «ሌባ» ይለዋል። ሕጉ ግን ሌላ ጥያቄ አለው። ስርቆት፣ አንቀጽ 665፣ ንብረቱን ከሌላ ሰው እጅ መውሰድን ይጠይቃል። ይህ ሹፌር ባጃጁ በእምነት ተሰጥቶታል፤ ስለዚህ የሚቀርበው አንቀጽ 675፣ እምነት ማጉደል ነው። ሌሊት ከግቢ አስነስቶ የወሰደ ሰው ግን ወደ ስርቆት ይሄዳል። ዐቃቤ ሕግ አንቀጹ የሚጠይቀውን እያንዳንዱን ፍሬ ነገር፣ የወንጀል ሐሳቡን ጭምር፣ ማስረዳት አለበት። አንዷ ከጎደለች ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ሊሰናበት ይችላል። ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ ሕጉ ከቀለለ ደግሞ የሚቀለው ነው የሚሠራው፤ ይህንን ማንሳት አትርሱ።

እዚህ የክልሉ ፍርድ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ ነው የሚያስችሉት። ተከሳሽ ሆናችሁ ቋንቋውን ካላወቃችሁ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተሰጥቷችኋል። «ትንሽ ትንሽ ይገባኛል» ብላችሁ አትለፉት። የምስክር ቃል ውስጥ አንዲት ቃል ስታመልጥ ፍሬ ነገሩ አብሮ ያመልጣል።

ሕገ መንግሥት ላይ ብዙዎች የጅማ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንድን አዋጅ «ሕገ ወጥ ነው» ብሎ እንዲሽር ይጠብቃሉ። በኛ ሀገር ሕገ መንግሥትን የመጨረሻ የሚተረጉመው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ አንቀጽ 62 ላይ ተጽፏል። ጥያቄውን አስቀድሞ የሚመረምረው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። 11 አባላት አሉት። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ከሆነ መጀመሪያ እዚያው አንሱት፤ ፍርድ ቤቱ ትርጉም ያስፈልጋል ብሎ ካመነ ያንን ጥያቄ ብቻ ለጉባኤው ይልካል።

ይህ ማለት ግን የታች ዳኛ ሕገ መንግሥቱን አይነካም ማለት አይደለም። አንቀጽ 13 ፍርድ ቤቶችን በየደረጃው መብቶቹን እንዲያከብሩና እንዲያስከብሩ ያስገድዳል። ሰበር ሰሚው ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የአንድ ልጅን አስተዳደግ ሲወስን የሕፃኑን ጥቅም የሚያስቀድመውን አንቀጽ 36ንና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ይዞ ልጁ ካሳደገችው አክስት ጋር እንዲቆይ አደረገ። ተራውን ሕግ በሕገ መንግሥቱ ብርሃን አነበበው ማለት ነው። እናንተም «አዋጁ ይሻር» ከምትሉ «አንቀጹ ከአንቀጽ 36 ጋር አብሮ ይነበብልኝ» ብትሉ ዳኛው ሊሰጣችሁ የሚችለውን ነው የጠየቃችሁት።

አንድ ነገር ለጅማ ሰው በተለይ። ውርስና ጋብቻ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታየው ሁለቱም ወገን ሲስማሙ ብቻ ነው፤ አንቀጽ 34(5)። አንዲት ባለጉዳይ ሳትስማማ የሸሪዓ ፍርድ ቤት በውርስ ጉዳይዋ ወሰነ። እሷም እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሳ ውሳኔው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተባለላት። እዚያ ያደረሳት ፈቃደኛ አለመሆኗን ገና ከመነሻው መናገሯ ነው። መጥሪያ ሲደርሳችሁ ዝም አትበሉ። የምትፈልጉ ከሆነ ፍቀዱ፣ ካልፈለጋችሁም በመጀመሪያው ቀጠሮ በጽሑፍ ተቃወሙ። ከዚያም ተቃውሞው መዝገቡ ላይ መስፈሩን ጸሐፊውን ጠይቃችሁ አረጋግጡ።