የፊንጢጣ መሰንጠቅ እየዳነ ሳለ ቢያቃጥልዎ
ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያለፈው የፊንጢጣ መሰንጠቅ ሳያቋርጥ እየተሻለ አይድንም፤ ሻል ይላል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሦስት ቀን ደህና ሰንብቶ በአራተኛው ቢያቃጥልዎ ሕክምናው ከሸፈ ብለው አይደናገጡ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሆድ ድርቀት ነው። ከሰገራ በኋላ ለሰዓታት የሚቆየው ሕመም የሚመጣው የፊንጢጣ ጡንቻ ተኮማትሮ ስለሚቀር ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ ያላላዋል። ሕመሙን ፈርቶ ሰገራን መያዝ ግን ያባብሰዋል፤ የተያዘ ሰገራ ይደርቃል። ተልባ ጥሩ ነው፤ ውሃ በብዛት ካልጠጡበት ግን እሱው ራሱ ያደርቃል (ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ነው)። የሰገራ ማለስለሻ መድኃኒት አብዝቶ ተቅማጥ ማምጣትም ቁስሉን ይቆጠቁጠዋል። ሲጠርጉ ጥቂት ደማቅ ቀይ ደም ቢያዩ የተለመደ ነው። ደሙ ከጠቆረ፣ ከሰገራው ጋር ከተቀላቀለ፣ ወይም ትኩሳትና መግል ካለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።