የውሻዬ የኋላ እግሮች ግትርነት እንዴት እንደቀለለ

ውሻዬ ትልቅ ዝርያ ነው፤ ዕድሜው ሰባት። ከተኛበት ሲነሳ የኋላ እግሮቹ ግትር ይሉበት ነበር፤ የፊቶቹን ተክሎ ወገቡን እየጎተተ ይቆማል፣ ትንሽ ሲራመድ ይፍታታል። እረፍት ላይ ብሶ በእንቅስቃሴ የሚላላ ሕመም ብዙ ጊዜ የመገጣጠሚያ ብግነት ምልክት ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ራጅ አንስቶ ችግሩ ዳሌው ላይ መሆኑን አረጋገጠልን።

ከሁሉ በላይ የረዳው ክብደት መቀነሱ ነው። ከመጠን በላይ የወፈረ ውሻ ከክብደቱ ከ6 እስከ 9 በመቶ ያህል እንኳ ቢቀንስ ማነከሱ በግልጽ ይሻሻላል። ምግቡን በሚዛን እየለካን ሰጠነው፤ ስንበላ የምንወረውርለት ፍርፋሪም ቀረ። የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ መታወቅ ሲጀምር አነሳሱ ተለወጠ።

ረጅሙን የእግር ጉዞ አጫጭር አድርጌ ከፋፈልኩት፤ በየቀኑ፣ በማሰሪያ፣ በዝግታ። ኳስ ማሯሯጥ ቆመ፤ ድንገተኛ መታጠፍ መገጣጠሚያውን ያስቆጣዋልና። የሚያንሸራትተው ወለል ላይ ምንጣፍ አነጠፍን፣ ጥፍሩንም አሳጠርን፤ ጥፍር ሲረዝም መዳፉ ወለሉን በደንብ አይዝም። መኝታው ወፍራም ፍራሽ ሆነ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ የሰው ማስታገሻ አትስጡት። ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። ለውሻ የተዘጋጀ ማስታገሻ አለ፤ ሐኪም ያዝዘዋል፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ከሆነም የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። የእኛው በሐኪሙ ምክር አሁን የሚወስደው ሲብስበት ብቻ ነው።