ልብንና ቆዳን ከኦክሲዴቲቭ ስትረስ ጉዳት እንዴት እንጠብቃለን?

ሕዋሳት ከምግብ ጉልበት የሚያወጡት ማይቶኮንድሪያ በተባለው ክፍላቸው ውስጥ በኦክስጅን አማካይነት ነው። በዚህ ሥራ መካከል ከኦክስጅኑ ጥቂቱ ፍሪ ራዲካል ወደሚባል ያልተረጋጋ ቅንጣት ይለወጥና ከአጠገቡ ካለ ስብ፣ ፕሮቲን ወይም ዲኤንኤ ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃል። ሰውነት ይህን የሚያመክኑ እንደ ካታሌዝ ያሉ ኢንዛይሞች አሉት፤ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚፈጠረው የሚመረተው ፍሪ ራዲካል ከሚመክነው ሲበልጥ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው መጀመር ያለበት ምንጩን ከመቀነስ እንጂ መድኃኒት ቤት ሄዶ ቫይታሚን ከመግዛት አይደለም።

ልብ ዕረፍት ስለሌለው ከጡንቻ ሕዋሳቱ ይዘት ሲሶ ያህሉ ማይቶኮንድሪያ ነው። እነዚህ ሕዋሳት በአዋቂ ሰው በዓመት ቢበዛ ከመቶ አንድ ያህሉ ብቻ ስለሚተኩ፣ የሞተው በአብዛኛው በጠባሳ ይሸፈናል። በደም ሥሮችም ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም፤ ኮሌስትሮል ተሸካሚው ኤልዲኤል በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ በፍሪ ራዲካል ሲለወጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጡታል፣ በስብ ተሞልተውም እዚያው ስለሚቀሩ ቧንቧውን ቀስ በቀስ ያጠቡታል።

በቆዳ ላይ ዋናው ምክንያት የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ዩቪኤ የተባለው ጨረር ወደ ውስጠኛው የቆዳ ክፍል ዘልቆ በመግባት ፍሪ ራዲካል ያስነሳል፤ ይህም ቆዳን ወጥሮ የሚይዘውን ኮላጅን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ያበዛል። የቆዳ መጨማደድና መላላት ከዕድሜ ቀድሞ የሚመጣው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ጭስን ያስወግዱ። የሲጋራ ጭስ ራሱ ፍሪ ራዲካል የተሞላ በመሆኑ ልብንም ቆዳንም በአንድ ጊዜ ይጎዳል፤ የሚያጨስ ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቢፈጽም ማጨስ ማቆምን ይምረጥ። በማገዶና በከሰል የሚያበስሉ ቤተሰቦች ደግሞ ምድጃውን በተቻለ መጠን ከመኝታ ክፍል ያርቁ፣ በርና መስኮትም ይክፈቱ፤ ሕፃን አዝለው ጭስ ላይ አይቁሙ።

ቀጥሎ ፀሐይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የጨረሩ ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ጨረሩ ብርቱ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ጥላ ይፈልጉ፣ ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ይያዙ። የፀሐይ መከላከያ ክሬም የሚቀቡ ከሆነ የመከላከል አቅሙ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዩቪኤንም እንደሚከላከል የተጻፈበት ይምረጡ፤ ውጭ እስካሉ ድረስ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። ጥቁር ቆዳ የተሻለ የተፈጥሮ መከላከያ ቢኖረውም ሙሉ በሙሉ አይድንም። የቆዳ ማንጫ ክሬሞችን ግን ፈጽሞ አይንኩ፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ግሉታታዮን የተባለውን የሰውነት ዋና መከላከያ ስለሚያሟጥጥ ኩላሊትን ጭምር ይጎዳል።

በወጥ ቤት ውስጥ የዘይት አያያዝ ትኩረት ይሻል። የኑግ ዘይት ሊኖሌይክ አሲድ በተባለ፣ በኦክስጅን በቀላሉ በሚጠቃ የስብ ዓይነት የበለጸገ ነው፤ ስለዚህ ክዳኑን ገጥመው ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት፣ ሽታው ሲለወጥም ይድፉት። በማንኛውም ዘይት ሲጠብሱ እስኪጨስ አያግሉት፣ አንዴ የተጠበሰበትንም ደጋግመው አይጠቀሙ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ብርቱካንና ምስር በየዕለቱ ከገበታ አይጥፉ፤ ጎመኑም ብዙ ሲበስል ቫይታሚን ሲው ስለሚጠፋ ቶሎ ከእሳት ይውረድ። የደም ግፊትና ስኳር ያለባችሁ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ፤ ሁለቱም የደም ሥርን ግድግዳ ለዚሁ ጉዳት ያጋልጣሉ።

ስለ ቫይታሚን እንክብል ሰፋ አድርጌ መናገር የፈለግሁት ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈስበት ስለሆነ ነው። በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች በተሳተፉበትና በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ በካሮት ውስጥ የሚገኘውን ቤታ ካሮቲን በእንክብል የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በ18 በመቶ ለሚበልጥ የሳንባ ካንሰር ተዳርገዋል። ካሮት መብላት ይህን አያስከትልም፤ ልዩነቱ በከፍተኛ መጠን ተለይቶ የወጣውን መውሰድ ላይ ነው። ቫይታሚን ኢም በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣ ትልቅ ጥናት ለልብ ሕመም ተጋላጭ የሆኑ ሰዎችን ከሃርት አታክ አልታደገም። ፍሪ ራዲካል በትንሽ መጠን ሰውነት የራሱን መከላከያ እንዲያጠነክር የሚቀሰቅስ ምልክት በመሆኑ፣ ሁሉንም ለማጥፋት መሞከር የሚጠቅመንን ይነካል። በሳምንት ቢያንስ ለ150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ የሚጠቅመውም በከፊል በዚህ መንገድ ነው።

ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ቫይታሚን ኢ በከፍተኛ መጠን ቢጨምርበት የደም መፍሰስ ሊገጥመው ስለሚችል፣ ማንኛውንም እንክብል ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ አስቀድሞ የጀመረም ካለ ማሸጊያውን ይዞ ሄዶ ለሐኪሙ ያሳይ።