የፊንጢጣ ካንሰር ክሊኒካል ትራያል እንዴት ይፈለጋል፣ እንዴትስ ይገባል?

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አጎቴም አብሮኝ ነው። ስምንት ወር ሙሉ «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ቅባት ሲቀባ ከረመ። ደም ሲያይ ዝም፣ መቀመጥ ሲያቅተው ዝም። ቦታው የሚያሳፍር ሆኖበት ለማንም አልተናገረም። ናሙና ተወስዶ የፊንጢጣ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ዘመድ ሁሉ እየደወለ «አዲስ መድኃኒት የሚሞከርበት ቦታ የለም ወይ?» ይል ጀመር። ፍለጋው እኔ ላይ ወደቀ። ያኔ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ የለፋሁበትን ነው የምጽፍላችሁ። እሱም «ጻፈው፣ ሌላው እንደኔ እንዳያፍር» ብሎኛል።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ትራያል (አዲስ ህክምና በሰው ላይ የሚሞከርበት ጥናት) እንፈልጋለን ብላችሁ ዋናውን ህክምና እንዳታዘገዩ። ይህ ካንሰር ወደ ሌላ አካል ካልተሰራጨ ኬሞና ጨረር አንድ ላይ ተሰጥቶ ብዙ ሰው ይድንበታል። መንገዱን የጠረገው ኖርማን ኒግሮ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1974። ከዚያ በፊት ፊንጢጣው ተቆርጦ ይወጣና ሰውየው ዕድሜ ልኩን ሆዱ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ይጸዳዳ ነበር። ስለዚህ የጨረር ተራ ከደረሳችሁ ተራውን ያዙ። ትራያል የሚፈለገው ከዚሁ ህክምና ጋር የሚሰጥ አዲስ ነገር ካለ፣ ወይም በሽታው ከተመለሰ ወይ ከተሰራጨ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እኛ «ፊንጢጣ» ስንል መውጫውንም፣ ከሱ በላይ ያለውን የአንጀት ጫፍም ማለታችን ነው። ትራያሎች ግን ሁለቱን ለይተው ነው የሚያዩት። የሚለየው የፓቶሎጂ ውጤቱ፣ ማለትም የናሙናው ምርመራ ወረቀት፣ ላይ ያለው ቃል ነው፦ ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የፊንጢጣ መውጫ ካንሰር ነው፣ አዴኖካርሲኖማ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ከላይ ያለው የአንጀት ጫፍ ካንሰር ስለሆነ የምትፈልጉት ሌላ ትራያል ነው። የአጎቴ ወረቀት ፌስታል ውስጥ አራት ላይ ታጥፎ ኖሮ እጥፋቱ ልክ ያችን ቃል ገምሷታል። ጠዋት መስኮት ላይ ዘርግቼ በስልክ አነሳሁት፣ ግማሹን ፊደል በግምት ነው ያነበብኩት። እናንተ ሳይታጠፍ ፎቶ አንሱት። የሲቲ ስካኑንና የኤምአርአዩን ሲዲም ከሐኪም ቤቱ ጠይቃችሁ ውሰዱ።

ሌላው እኛን ብቻ የሚገጥመን ጣጣ የቀን መቁጠሪያው ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ውጭ ያለ ተመራማሪ ኬሞውን ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የወሰዳችሁት ይመስለዋል። ብዙ ትራያል ደግሞ «የመጨረሻው ህክምና ከተሰጠ ስንት ጊዜ ሆነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁሉንም ቀን ወደ ፈረንጅ ቀይራችሁ አንድ ገጽ ላይ ጻፉት።

ፍለጋው በነጻ ነው፣ ስልክ ይበቃል። ትልቁ መዝገብ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ (ClinicalTrials.gov) ነው፣ የአሜሪካ መንግሥት የህክምና ቤተ መጻሕፍት ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይይዘዋል። የበሽታው ሳጥን ላይ «ኤናል ካንሰር» (anal cancer) ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ ቀጥሎ «ሪክሩቲንግ» (Recruiting፣ አሁን ሰው እየተቀበለ ያለ) የሚለውን ብቻ ምረጡ፣ አለበለዚያ የተዘጋውም ሁሉ ይመጣና ያደክማችኋል። አገር ላይ ኢትዮጵያን ስትመርጡ ባዶ ቢመጣ አትደንግጡ፣ ኬንያን፣ ደቡብ አፍሪካን፣ ህንድን ሞክሩ። ደቡብ አፍሪካ ያለውን የመላው አፍሪካ የትራያል መዝገብም እዩት። ያገኛችሁት ሁሉ የራሱ ቁጥር አለው፣ የአሜሪካው መዝገብ ላይ ያለው ኤንሲቲ (NCT) ብሎ ስምንት አሃዝ ያስከትላል። ቁጥሩን ለሐኪማችሁ አሳዩት፣ ከስሙ ይልቅ በሱ ቶሎ ይገኛል።

መስፈርቱን ስታነቡ ኤችአይቪ ላይ ቁሙ። የፊንጢጣ ካንሰር ከአስሩ ዘጠኙ ያህል የሚመጣው ከኤችፒቪ ቫይረስ ነው፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ደግሞ የበለጠ ይጋለጣል። ድሮ ብዙ ትራያል እነዚህን ሰዎች አይቀበልም ነበር። አሁን የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን በትክክል ለሚወስዱ በራቸውን የከፈቱ አሉ። እንዲያውም አንከር የተባለው ጥናት ለእነሱ ብቻ የተሠራ ነው፦ ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ወደ 4,400 የሚጠጉ ሰዎች ገቡበት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውጤት ቅድመ ካንሰር ቁስሉን (ገና ካንሰር ያልሆነ፣ ግን ሊሆን የሚችለውን) ማከም ካንሰሩን በ57 በመቶ ቀነሰው። ስለዚህ አትደብቁ። የሲዲ ፎር (የሰውነት መከላከያ ሴሎች ቁጥር) እና የቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ውጤታችሁን ያዙ።

«በዕጣ ባዶ መድኃኒት (ለማወዳደሪያ የሚሰጥ፣ መድኃኒት የሌለበት) ይሰጡኝና እሞታለሁ» የሚለው ፍርሃት አጎቴንም ይዞት ነበር። ካንሰር ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። ሬቲፋንሊማብ የተባለው አዲስ መድኃኒት የተሞከረበትን ትራያል እዩት፣ ካንሰሩ ለተሰራጨባቸው የተሠራ ነው። 308 ሰዎች ገቡበት፣ ሁሉም የተለመደውን ኬሞ ወሰዱ። ዕጣው የተጣለው ከኬሞው ጋር በሚጨመረው፣ አዲሱ መድኃኒት ወይስ ባዶው በሚለው ላይ ብቻ ነበር። ባዶውን ሲወስዱ በሽታው የባሰባቸውም ወደ አዲሱ መድኃኒት መዛወር ይችሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ መድኃኒቱን ፈቀደች።

አገር ቤት ማንን ልጠይቅ ላላችሁ፣ መጀመሪያ የካንሰር ሐኪማችሁን፣ ቀጥሎ ጥቁር አንበሳ የካንሰር ክፍል። አለርት ግቢ ያለው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋምም የክሊኒካል ትራያል ሥራ ይሠራል። ከቱሉ ዲምቱ ዘነበወርቅ ድረስ ከተማውን ማቋረጥ ነው፣ እና በጠዋት ውጡ። የመድኃኒት ትራያል ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ደብዳቤ ሊኖረው ይገባል። አሳዩኝ በሉ፣ አትፈሩ። ለሚሞከረው መድኃኒት ክፈሉ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን ጥላችሁ ሂዱ። እኛን አንዱ ደላላ «ህንድ አስገባችኋለሁ» ብሎ ቀብድ ጠይቆን ነበር፣ የትራያሉን ቁጥር ስጠይቀው ስልኩን ዘጋ።

ውጭ አገር መሄድ ላይ ቤት ከመሸጣችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አስቡ። መድኃኒቱ በነጻ ቢሆንም በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ መመላለስ፣ የቤት ኪራይ፣ የአስታማሚ ቀለብ አለ። ለትራያሉ አስተባባሪ በኢሜይል ስትጽፉ አጭር አድርጉት፦ ዕድሜ፣ የካንሰሩ ሙሉ ስም፣ መጠኑ በሴንቲሜትር፣ የት ተሰራጨ፣ ምን ታከመ፣ መቼ፣ በሽተኛው ራሱን ችሎ ይንቀሳቀሳል ወይ። ትራንስፖርት ማን ይችላል፣ ጉዳት ቢደርስ ማን ያክማል፣ ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱ ይቀጥላል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ሳምንት ጠብቃችሁ መልስ ካልመጣ ድገሙ።

ትራያሉ ለመግባት የስምምነት ፎርሙን ስትፈርሙ በአማርኛ የተጻፈውን አምጡ በሉ። ቤት ወስዳችሁ ከቤተሰብ ጋር አንብቡት፣ ያልገባችሁ መስመር ላይ በእስክሪብቶ አስምሩ። በማንኛውም ቀን ትቼ መውጣት እችላለሁ፣ ብወጣም መደበኛ ህክምናዬ አይቋረጥም የሚለው ዓረፍተ ነገር መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ከፈረማችሁ በኋላ አንዱ ኮፒ የእናንተ ነው፣ ሳትይዙት ከበሩ እንዳትወጡ።