የዳታቤዝ ክትትል በየስንት ሰከንዱ ይሁን? ኢንተርቫሉን እንዴት ማስተካከል እንደሚቻል

ክትትል ራሱ ዳታቤዙ ላይ የሚጫን ሥራ ነው። ሶፍትዌሩ መረጃ በሰበሰበ ቁጥር ኮኔክሽን ይይዛል፣ ኩዌሪ ያስኬዳል፣ ያገኘውን ቁጥርም ዲስክ ላይ ይጽፋል። በየ60 ሰከንዱ የሚሰበሰብ አንድ መለኪያ በቀን 1,440 ጊዜ ይመዘገባል፤ በየ15 ሰከንዱ ከሆነ 5,760 ጊዜ። በሌላ በኩል፣ 20 ሰከንድ ቆይቶ የተፈታ ሎክ (አንዱ ሥራ ሌላውን የሚያስጠብቅበት ቁልፍ) በደቂቃ አንዴ ብቻ ለሚያይ ሶፍትዌር ጨርሶ ላይታይ ይችላል። የሚከተለው አሠራር ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ በፕሮሚቴየስ (መለኪያዎችን በየጊዜው ሰብስቦ በሚያስቀምጥ የክትትል ሶፍትዌር) ለሚከታተል ሰው ነው።

1. መጀመሪያ አንዱ የመረጃ ስብሰባ (ስክሬፕ) ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይዩ። ፕሮሚቴየስ ይህን «ስክሬፕ ዱሬሽን ሰከንድስ» በሚል ስም ራሱ ይመዘግባል። የሳምንቱን ከፍተኛ ቁጥር ይውሰዱ፤ አማካዩ ያታልላል። 8 ሰከንድ የሚፈጅ ስብሰባ ካለ በየ10 ሰከንዱ ለማድረግ አይሞክሩ።

2. መለኪያዎቹን ለሁለት ይክፈሉ። የኮኔክሽን ብዛት፣ ሎክና የሪፕሊኬሽን መዘግየት (የዳታቤዙ ቅጂ ከዋናው ወደኋላ የሚቀርበት ጊዜ) ቶሎ ይለዋወጣሉ፣ ለማንበብም ቀላል ናቸው፤ 15 ሰከንድ ይበቃቸዋል። የዳታቤዝ መጠን ግን ሌላ ነገር ነው፦ ፖስትግሬስ መጠኑን የሚያውቀው ዲስኩ ላይ ያሉትን ፋይሎች አንድ በአንድ እየቆጠረ ስለሆነ ቴብል በበዛ ቁጥር ይከብዳል። ለእሱ 2 ደቂቃ ይስጡት። ከዚያ በላይ ማራቅ ችግር አለው፤ ፕሮሚቴየስ ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየ ቁጥርን እንደሌለ ስለሚቆጥረው ግራፉ ይቆራረጣል። በሰዓት አንዴ ብቻ የሚፈለግ ቁጥር ካለ ኩዌሪውን በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስጀምር ፕሮግራም) አስኪዶ ውጤቱን በጽሑፍ ፋይል ለኖድ ኤክስፖርተር (የሰርቨሩን መለኪያዎች ለፕሮሚቴየስ ለሚያቀርብ ፕሮግራም) መተው ይሻላል።

3. በፕሮሚቴየስ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ሁለት ጆብ (ከየት እንደሚሰበሰብ የሚገልጽ ክፍል) ይጻፉ፣ ለእያንዳንዱም የራሱን «ስክሬፕ ኢንተርቫል» (በየስንት ጊዜው እንደሚሰበሰብ) ይስጡ፤ ካልሰጡ መነሻው 1 ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሁለቱም ጆቦች አንድ ኤክስፖርተር (ዳታቤዙን ጠይቆ ቁጥሮቹን ለፕሮሚቴየስ የሚያቀርብ ፕሮግራም) ላይ ከጠቆሙ፣ ኤክስፖርተሩ በተጠየቀ ቁጥር ከባዱንም ኩዌሪ ያስኬዳል፤ ጭነቱ ይባስ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሁለት ኤክስፖርተር አስነስተው፣ ከፈጣኑ ላይ ከባዶቹን ኮሌክተሮች (መለኪያ የሚያነቡ ክፍሎቹን) ያጥፉ።

4. «ስክሬፕ ታይምአውት» (አንድ ስብሰባ እስኪያልቅ የሚጠበቅበት ከፍተኛ ጊዜ) መነሻው 10 ሰከንድ ነው። ከኢንተርቫሉ የበለጠ ቁጥር ከጻፉ ፋይሉ ተቀባይነት አያገኝም።

5. ፋይሉን በፕሮምቱል (ከፕሮሚቴየስ ጋር በሚመጣ የማረጋገጫ መሣሪያ) ያረጋግጡና ለፕሮሚቴየስ ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ የሃንግአፕ ሲግናል ይላኩ። ሪስታርት አያስፈልግም።

6. ማንቂያዎቹን ይከልሱ። ኢንተርቫሉን ከ15 ወደ 60 ሰከንድ ቀይረው፣ ሬት (ቁጥሩ በሰከንድ የሚጨምርበትን ፍጥነት) የሚያሰላው ኩዌሪ ግን የመጨረሻውን 1 ደቂቃ ብቻ በሚያይ መስኮት ከቀረ፣ መስኮቱ ውስጥ ሁለት ቁጥር አይገኝም። ሬት ደግሞ ቢያንስ ሁለት ይፈልጋል። ስህተት የሚል መልእክት የለም፤ ግራፉ ባዶ ይሆናል፣ ማንቂያውም ዝም ይላል። መስኮቱን የኢንተርቫሉ 4 እጥፍ ያድርጉ፦ ለ60 ሰከንድ 4 ደቂቃ።

የኦራክል ዳታቤዝ የሚጠቀሙ ከሆነ የኤደብሊውአር (የኦራክል የአፈጻጸም መረጃ ማከማቻ) ስናፕሾት መነሻው በየ60 ደቂቃው ነው፤ እስከ 10 ደቂቃ ድረስ ማውረድ ይቻላል። ስናፕሾቱ 6 እጥፍ ስለሚሆን ግን አስቀድመው ስናፕሾቶቹ የሚቀመጡበትን የሲስኦክስ ቴብልስፔስን ባዶ ቦታ ይመልከቱ።