ሰኔ ላይ ሥዕል ማየት ለምትወዱ

ሰኔ አካባቢ አዲስ አበባ ካላችሁ፣ በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው የአለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች የሚያሳዩት ኤግዚቢሽን አያምልጣችሁ። ቀኑ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ አስቀድማችሁ አጣሩ። የመክፈቻውን ዕለት አልመክርም፤ ሥዕሉን ትቶ ፎቶ የሚነሳው ይበዛል። በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ሠዓሊው ሥራው አጠገብ ከቆመ ጠጋ ብላችሁ ቀለሙን እንዴት እንደደራረበ ጠይቁት፤ ደስ ብሎት ነው የሚያስረዳችሁ። ዋጋ መጠየቅም ነውር አይደለም። ከገዛችሁ፣ ሸራው ሲጠቀለል የተቀባው ወገን ወደ ውጭ ይሁን (ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ይሰነጠቃል)፤ የሰኔ ዝናብ ስለማይታመን ላስቲክ ያዙ። በደንብ ያልደረቀ የዘይት ቀለም ከሆነ ግን ባይጠቀለል ይሻላል። እግረ መንገዳችሁን ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልንም፣ ጎራ በሉበት።